በበዓለ ሃምሳ ሥጋ የማይበላ ሰው

ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ማቆም አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ነው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ በየቤቱ አለ። እኔ በሁዳዴ ነው የጀመርኩት። 55ቱን ቀን ማንም ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም «ጎበዝ ጿሚ» ተባልኩ። የውጭ ቪጋኖችም (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይበሉት) «ኢትዮጵያ ስትሄዱ የጾም በሉ፣ በቃ» ብለው ይመክራሉ። እስቲ ከፋሲካ በኋላ መጥተው ይሞክሩት!

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በየዓይነቱ ከብዙ ምግብ ቤት ይጠፋል። «የጾም አለ?» ስላት አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጾም እኮ ተፈታ!» ቅቤ የሌለው ሽሮ አዘዝኩ። «እሺ» ብላ ሄደች። ሸክላው እየተንተከተከ ሲመጣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከሩቅ ይጣራል። ስመልሰው ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ትንሽ እኮ ናት።»

ከምግብ ቤት ግን ተነስቶ መውጣት ይቻላል። ከአክስት ቤት በፋሲካ ቀን ወዴት ይወጣል? አክስቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ነው ያመሸችው፤ 12ቱን ብልት በእጇ ለይታ፣ አጥባ፣ አሽታ። ከዶሮው ቆረሰች፣ እንቁላል ጨመረች፣ በእንጀራ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች።

«አልበላም አክስቴ።»

«በሞቴ!»

እጇ አልተመለሰም። ቀዩ መረቅ በጣቶቿ መሀል እየወረደ ነው። እኔም አፌን አልከፈትኩም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ያልተጎረሰ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ የለም። አጎቴ «ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ?» አለ። ሌላው «ምን አሞህ ነው?» እማዬ አንገቷን ደፋች። አክስቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ እጇን ልትታጠብ ተነሳች። ለሳምንታት ስልኬን አላነሳችም። የሚገርመኝ፣ እነዚህ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ለእግዜር ሲሆን ጽድቅ፣ ለራሴ ሲሆን ዕብደት!

«ሐኪም ከልክሎኛል በል» የሚሉ አሉ። አትበሉ። ወዲያው ጸበል ይመጣል፣ እናታችሁም እንቅልፍ ታጣለች። «ስእለት አለብኝ» ይሠራል፤ ግን መቼ ነው የሚያልቀው መባሉ አይቀርም። እኔ አሁን ከበዓሉ በፊት እደውላለሁ፣ ምስር ወጤን በድስት ይዤ እሄዳለሁ፣ ገና ስንቀመጥ አክስቴን ከእሱ አጎርሳታለሁ። እያጉረመረመችም ቢሆን መልሳ የምታጎርሰኝ ከዚያው ነው። የቫይታሚን ቢ12 ኪኒን ደግሞ ዋጡ፤ ቫይታሚኑ ምስርና ሽሮ ውስጥ የለም። ጿሚው ጾም ሲፈታ ያገኘዋል፣ እኛ ግን አንፈታም።

የሰፈሩ ቅርጫ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። «ብሩን ክፈል፣ ሥጋውን ለኛ ተው» ይሉኛል። ለእድርም ለድንኳንም የተባለውን አዋጣለሁ። ለበሬው አልከፍልም።