«አእምሮ» ያልኩባት ቀን

አስተርጓሚ ነኝ። ቨርጂኒያ ቤቴ ቁጭ ብዬ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚንና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪምን በቪዲዮ አገናኛለሁ። ታካሚዋን ሊያሳውቅ የሚችል ነገር ሁሉ እዚህ ተቀይሯል።

እትዬ ልበላቸው። ወገባቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል። ኤምአርአይ ተነስተዋል፣ መርፌ ተወግተዋል፣ ማስታገሻ ውጠዋል። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ የእሳቸውማ ከዚያ እጅግ ርቋል። በመጨረሻ ሐኪማቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ላካቸው። ሕክምናው በሳምንት አንዴ በስልካቸው ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ወገቡን የሚያመው ሰው አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሐኪም ጋ ሲደርስ ያቺን ቀን ጨርሷታል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ የገቡት ከፓርኪንግ ነበር። ልጆች እንዳይሰሙ ብለው ነው። ስልኩን መሪው ላይ አስደግፈውታል፤ የሚታየኝ ነጠላቸውና ግማሽ ፊታቸው ነው።

ባለሙያዋ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ታስረዳ ጀመር። እኔም ፈጠን ብዬ «ሕመሙን የሚፈጥረው አእምሮ ነው» አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ወገቤን ነው እንጂ አእምሮዬን አመመኝ አልኩ?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ባለሙያዋ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሏት ነበር። «አይደለም፣ የኔ ቃል ነው» አልኳት። እኛ ዘንድ አእምሮ ከተነሳ «አበደች» ሩቅ አይደለም። ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «ምንም የለብዎትም» እየተባሉ የተመለሱ ሴት ናቸው።

ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ሁለታችን 10 ደቂቃ ተነጋገርን። ልትል የፈለገችው ሌላ ነበር። የተጎዳው ቦታ ከዳነ በኋላም ነርቮች እንደነቁ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ነገርኳት፤ ተስማማች።

እትዬ ተመልሰው ገቡ። ደንቡ ስለ ራሳችን እንደ ሌላ ሰው እንድናወራ ነውና «አስተርጓሚዋ ባለፈው ቃል ስታለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች» አልኩ። ቀጥዬ፦ «አንዴ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ፣ ሌባው ከሄደ በኋላም ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱ የውሸት አይደለም። የሚሰሙትም እርስዎ ነዎት።»

ብዙ ቆዩ። «ታዲያ ውሻውን ማን ዝም ያሰኘዋል?» አሉ።

ሥራው የተጀመረው ያን ቀን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን እንጀራ ባንድ ጊዜ ጋግረው ሦስት ቀን ይተኙ ነበር። ባለሙያዋ ሕመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ያስቁምዎት አለቻቸው። «ሊጡ ይጠብቀኛል እንዴ?» ብለው ተከራከሩ። ደግሞም ልክ ነበሩ፤ እሷ ሊጥ አታውቅም። ሊጡን ለሁለት ቀን ከፍሎ ማቡካት የእሳቸው ሐሳብ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ከመኪና ሳይሆን ከማድ ቤት ገቡ። ስልኩን አዙረው ምጣዱን አሳዩን። አጠገቡ የማንቂያ ሰዓት አለ። ስድስተኛው እንጀራ ላይ ጮኸ። አክንባሎውን ደፉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ዛሬም ያመኛል» አሉ። «ነገ ግን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።»