4,294,967,297፦ የአንድ ቁጥር ማስታወሻ

ሲያዩት ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ይመስላል። በ7 ስለሚያልቅ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም፤ አኃዞቹ ተደምረው 59 ስለሚሆኑ ለ3ም እንቢ ይላል። የሚገኘው 32 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመደመር ነው። በተመሳሳይ መንገድ ከ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶች ከእሱ በፊት የሚወጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይሄኛውም ተከታዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ ገመተ። አልፈርድበትም፤ አምስት ምስክር ተሰልፎ ማን ይጠራጠራል? በ1732 ግን የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር 641 እንደሚያካፍለው አሳየ።

በጭፍን የሚሞክር ሰው እስከ ስኩዌር ሩቱ ገደማ፣ እስከ 65,536 ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማዳረስ ሊኖርበት ነው። ማጥበቢያው ይህ ነው፦ የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ128 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። (ኦይለር የሠራው በ64 ነበር፤ 128ን ያመጣው ከእሱ በኋላ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ነው።) ስለዚህ ወረፋው 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ብቻ ነው። 129ና 513 ለ3፣ 385 ደግሞ ለ5 ስለሚካፈሉ ብቸኛ አይደሉም፤ ይውጡ። በ257 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ቀጣዩ 641 ነው።

ማካፈሉን በወረቀት ስሩት። 4,294 ውስጥ 641 ስድስቴ ይገባል፣ 448 ይተርፋል። 9ን አውርዱ፤ 4,489 ውስጥ ሰባቴ፣ ትራፊው 2። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 6 ሲወርድ 26፣ 7 ሲወርድ 267 ይሆናል፤ ሁለቱም ለ641 ስለማይበቁ ድርሻው ላይ ሁለት ዜሮ መጻፍ አለበት። ዜሮዎቹን የዘለለ ሰው 67,417 ያገኛል። ከዚያ 2,672 ውስጥ አራቴ፣ 1,089 ውስጥ አንዴ (448 ተመልሶ ብቅ ይላል)፣ 4,487 ውስጥ ልክ ሰባቴ። ድርሻው 6,700,417፣ ትራፊ የለም።

6,700,417ስ? የእሱም አካፋዮች ያው የ128 ሕግ አለባቸው። ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ስለሆነ የሚሞከሩት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። ትራፊያቸው በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622 ነው። እንግዲህ ብቸኛ ነው።

በኮምፒውተር ስትሠሩ ግን ተጠንቀቁ። ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ይህን መያዝ ስለማይችል 1 ብቻ ያስቀራል። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ (float፣ የአስርዮሽ ቁጥር መያዣ) ደግሞ የመጨረሻዋን 1 ጥሎ 4,294,967,296 ያደርገዋል፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንም የስህተት መልእክት «ለ2 ይካፈላል» ይላችኋል።

አካፋዩን ሳይነግረን ብቸኛ አለመሆኑን የሚያጋልጥ ሌላ መንገድም አለ። ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ድምር የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ይሄኛው በሁለት ይሆናል፦ የ65,536 እና የ1 ስኩዌሮች፣ ደግሞም የ62,264 እና የ20,449 ስኩዌሮች። 20,449 ራሱ የ143 ስኩዌር ነው።