ጃኬቴን ወገቤ ላይ አስሬ

ዛሬ ጳጉሜ 2 ነው። ጠዋት ብድግ ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላና ጭቃ አንገሽግሾኝ ነው የከረመው፤ ዛሬ ግን ሰማዩ ወለል ብሎ ጠበቀኝ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ የመጀመሪያዋን አደይ አየሁ። አንዲት ብቻ፣ ድንጋይ አጥር ስር። ከፍ ስንል ሜዳው እዚህም እዚያም ቢጫ ነጠብጣብ ጀምሯል።

ወርጄ አንዷ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ጤዛው አልረገፈላትም። መሃሏ ላይ አንዲት ንብ ፊቷን ቀብራ ስራዋን ትሰራለች፤ እኔ መኖሬንም ከቁብ አልቆጠረችው። ልቀጥፋት እጄን ዘርግቼ ተውኳት። (ልጅ ሆኜ ለእንቁጣጣሽ ስንቱን እንደቀጠፍኩ እግዜር ይቁጠረው።)

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አይቀለድበትም። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ስታርፍ ግን ጃኬቴን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት አዩኝና ሳቁ።

«አትመነው ልጄ፣ ክረምቱ ገና አልወጣም!»

ሽሮ ሜዳ ሳልደርስ ዶፉ ለቀቀው። የሩፋኤል ዝናብ ነገ ነበር፤ ለእኔ አንድ ቀን ቀድሞ መጣ።