መደርደሪያን አጋድሞ ባለ ስፖንጅ አግዳሚ ወንበር መሥራት

ጅማ ውስጥ በብዙ ቤት ጓዳ ወይም ኮሪደር ላይ አንድ አሮጌ የቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) መደርደሪያ አይጠፋም። ልጆች ሲማሩ ደብተርና መጽሐፍ ተደርድሮበት ነበር፤ አሁን የማይፈለገው ዕቃ ሁሉ ይጣልበታል። አጋድሞ ስፖንጅ ጣል ቢያደርጉበት አግዳሚ ወንበር የሚወጣው ይመስላል፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያደርገዋል። ሁለት ወር ሳይሞላው ወደ ጎን ይወላገዳል፣ መካከሉም ይጎብጣል። ከዚያ ስፖንጁ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን የስፖንጁ አይደለም። መደርደሪያ የተሠራው ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ እንዲሸከም ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን ዱብ ያደርግበታል፣ ሲነሣም ጠርዙን ተደግፎ ይገፋዋል። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ያለው በጀርባው፣ በመካከለኞቹ ቋሚዎችና በእግሩ ላይ ነው። ትራሱ የመጨረሻው ሥራ ነው።

መጀመሪያ መደርደሪያው የሚበቃ መሆኑ ይታይ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ወለሉም በየቀኑ ይወለወላል፤ ቺፑድ ደግሞ ውኃ የሚጠጣው ከታች ጠርዙ ነው። የታችኛውን ጠርዝ በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ውኃ ገብቶታል። ውፍረቱንም ለኩ፤ ከላይ 16 ሚ.ሜ ሆኖ ከታች 18 ወይም 19 ከሆነ አብጧል። ያበጠ ቺፑድ ፀሐይ ላይ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ፍርፋሪውን አጣብቆ የያዘው ኮላ ለቋልና ቪቴ (ተጠምዝዞ የሚገባ ሚስማር) አይዝም። እብጠቱ የታችኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ከሆነ በመጋዝ ቆርጦ መጣል ይቻላል። ከዚያ በላይ ከወጣ ያንን መደርደሪያ ተዉት። የምስጥ ጭቃ ወይም ዱቄት መሳይ ብናኝ የታየበትንም ቤት ውስጥ አታጋድሙት።

ልኩን በምሳሌ እናስኪደው። መደርደሪያው ቁመቱ 120፣ የፊት ስፋቱ 35፣ ጥልቀቱ 30 ሴ.ሜ ይሁን። ሲጋደም 120ው ርዝመት፣ 35ቱ ከፍታ ይሆናል። ጥልቀቱ 30 እንደሆነ ይቀራል፤ ችግሩም እዚህ ነው፤ 30 ሴ.ሜ ላይ ሰው ቂጡን እንጂ ጭኑን አያሳርፍም። ቢያንስ 40 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከላይ ሰፋ ያለ አዲስ መቀመጫ ይጨመርበታል። ከፍታውን ስታሰሉ ትራሱን አትርሱ። 35 መደርደሪያው፣ 4 እግሩ፣ 1.8 መቀመጫው፣ ድምሩ 40.8 ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ጥሩ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ወደ አምስት ገደማ ይወርዳል፤ 46 ላይ ታርፋላችሁ ማለት ነው። ይህ ለአብዛኛው አዋቂ ይመቻል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ሲነሡ ይቀላቸዋል። የመደርደሪያው ስፋት 40 ከሆነ ግን ወንበሩ 51 ይደርስና የአጭር ሰው እግር ይንጠለጠላል፤ ያን ጊዜ ወይ አምስት ሴንቲ ሜትር ይቆረጥለት፣ ወይ ትራሱን ማሳነስ።

አሁን ወደ ዋናው። መደርደሪያው ሲጋደም አግድም የነበሩት ጣውላዎች ቋሚ ይሆናሉ፤ ክብደቱን ወደ መሬት የሚያወርዱትም እነርሱ ናቸው። በትንንሽ የላስቲክ ወይም የብረት መያዣ ላይ ብቻ ያረፉት ጣውላዎች ሲጋደሙ ይንሸራተታሉ፤ በቪቴ መታሰር አለባቸው። ለ120 ሴ.ሜ ከሁለቱ ጫፎች ሌላ ሁለት መካከለኛ ቋሚዎች ይኑሩ፤ በየመካከላቸው ወደ 38 ሴ.ሜ ክፍተት ይቀራል። አንድ ቋሚ ብቻ ከሆነ 16 ሚ.ሜ ቺፑድ ሰው በተቀመጠበት በኩል ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ከጎበጠም አይቃናም።

ቪቴ በቺፑድ ጠርዝ ላይ፣ በውፍረቱ በኩል፣ በቀጥታ አይምታ። ጠርዙ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ያለዚያም ከጥቂት ወር በኋላ ይለቃል። መፍትሔው በየማዕዘኑ 3 በ3 ሴ.ሜ የሆነ የእንጨት ቁራጭ ማስገባት ነው። በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) 3 ሚ.ሜ ፑንታ (መብሻ ጫፍ) ቺፑዱ ይበሳና 35 ሚሊ ሜትር ቪቴ በቺፑዱ ፊት አልፎ እንጨቱን ይይዛል። 16ቱ ቺፑዱ ውስጥ፣ 19ኙ እንጨቱ ውስጥ ይሆናል፤ በሌላው በኩል አይወጣም። ቪቴውን በካቻቪቴ በእጅ ጨርሱት፤ በትራፓኖ እስከ መጨረሻው ከነዳችሁት ቺፑዱን ይፈጭና ባዶውን ይዞራል። የዞረ ቀዳዳ ካለ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ ማስገባት፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ ከዚያ እንደገና መምታት።

ኮላ የሚቀባ ሰው አንድ ነገር ያስተውል፤ የቺፑዱ ነጭ ወይም ቡናማ ልባስ አንጸባራቂ ነውና ነጭ የእንጨት ኮላ አይዘውም። ኮላ የሚያርፍበት ቦታ ልባሱ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ፍርፋሪው መታየት አለበት። ሰኔና ሐምሌ ላይ ኮላው ለመድረቅ ይዘገያል፤ በሞርሳ ወይም በገመድ ጠፍሮ ሙሉ ቀንና ሌሊት ማቆየት ነው።

ቀጥሎ ጀርባው። አብዛኛው መደርደሪያ ከኋላው 3 ሚ.ሜ ስስ ሽፋን አለው፤ በትንንሽ ሚስማር የተመታ፣ አንዳንዴም ግማሹ የተላቀቀ። ብዙ ሰው «ግድግዳ ጋ ስለሚሆን አይታይም» ብሎ ይነቅለዋል። ወንበሩ የሚወላገደው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ማዕዘን ወደ ጎን ሲገፋ የሚጋደለው ሰያፉን የሚይዝ ነገር ሲያጣ ነው፤ ያ ጀርባ ሰያፉን ይይዛል። ስሱን አውጥታችሁ 6 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ)፣ 120 በ35፣ አስገቡ። ቪቴው በየ15 ሴ.ሜ ዙሪያውንና በየቋሚው ላይ ይሁን። እዚህ ቪቴው የግድ የቺፑዱን ጠርዝ ይነካል፤ ግን አንድ ቪቴ የሚደርሰው ኃይል ትንሽ ስለሆነና ብዙ ስለሆኑ ቀጭን 30 ሚ.ሜ ቪቴ ቀዳዳ ተበስቶለት ይበቃል። ከማጥበቃችሁ በፊት ሜትሩን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ዘርጉት። 120 በ35 ከሆነ ሰያፉ ልክ 125 ሴ.ሜ ነው፤ በሁለቱም በኩል 125 ሲመጣ መደርደሪያው ቀጥ ብሏል። አንዱ 125.5 ሌላው 124.5 ካለ የረጅሙን ሰያፍ ማዕዘን በመዳፍ መታ መታ አድርጉና እንደገና ለኩ። ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ልኬት ላይ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

እግሩ የሚሠራው ከሞራሌ (በመጋዝ የወጣ ረጅም የእንጨት ዘንግ) ነው። ቁመቱ 4፣ ስፋቱ 5 ሴ.ሜ የሆነ አንድ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ይበቃል፤ ሁለት ባለ 120፣ አራት ባለ 28። ሁለቱ ረጃጅሞች ፊትና ኋላ፣ አራቱ አጫጭሮች በመካከላቸው ይሆኑና 120 በ38 የሆነ ፍሬም ይወጣል። አጫጭሮቹ በትክክል ከየቋሚዎቹ ሥር ይዋሉ፤ ክብደቱ ከመቀመጫው በቋሚው፣ ከቋሚው በሞራሌው መሬት ይደርሳል። ፍሬሙ ከመደርደሪያው 8 ሴ.ሜ የሚሰፋው ሆን ተብሎ ነው፤ አምስቱ ወደ ፊት፣ ሦስቱ ወደ ኋላ። ፊቱ ካልሰፋ ሰው ሲነሣ ጠርዙን ይጫንና ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል። የኋላው ሦስት ሴንቲ ሜትር ወንበሩን ከግድግዳው አርቆ ነፋስ ያሳልፍለታል።

ለዚህ እንጨት ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቀሊል ነው፣ ብዙም አይጣመምም፣ ቪቴም ሲገባው አይሰነጠቅም። በጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ዛፍም ነውና ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ውድ ስለሆነ ከዕቃ ሠሪ ቤቶች ቁራጭ መጠየቅ ይሻላል። ግራቪሊያም ይሆናል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ እርጥብ ከተገዛ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከጫፉም ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ በመጋዝ የተሰነጠቀ ሞራሌ ብትገዙ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ጣራ ሥር፣ በየመካከሉ እንጨት ተገብቶለት ይደርደር። ሲጨርስ ከታች በኩል ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ቀብታችሁ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ምቱበት፤ የመወልወያው ውኃ እንጨቱን አያገኘውም።

የጅማ በርጩማ ሦስት እግር መሆኑ ለዚህ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። ሦስት እግር ያለው ነገር በየትኛውም ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣም የሚላቀቅ መገጣጠሚያ የለውም። የእኛ አግዳሚ ሁለቱንም አላገኘም። ስለዚህ የሊሾ ወለል እንኳ ቢሆን ወንበሩን በቦታው አቁማችሁ በአራቱም ማዕዘን ተጫኑት። የሚነሣው ማዕዘን ሥር ጎማ ጨምሩ። ሳይስተካከል ከተቀመጡበት በየቀኑ ይጠማዘዛል፣ ቪቴዎቹም አንድ በአንድ ይላላሉ።

መቀመጫው 18 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ፣ 122 በ42 ሴ.ሜ። የፊት ጠርዙ በመላጊያ ይከርከም፣ በ80 ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ሹል ጠርዝ ጨርቁን በአንድ ዓመት ይበላዋል። ትራሱ ከሥር እንዲተነፍስ 25 ሚ.ሜ ቀዳዳዎች በየ15 ሴ.ሜ ይበሱ፤ ከሥሩ ያለውንም የመደርደሪያ ጣውላ አብረው ይለፉ፣ ከቋሚና ከማዕዘን እንጨት ላይ ግን አይዋሉ። ጅማ ላይ ይህን የዘለለ ሰው መስከረም ላይ ትራሱን ሲገለብጥ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ያገኛል፤ የሰው ሙቀትና ላብ ወደ ታች ይወርድና መውጫ ያጣል። መቀመጫውን ከላይ ወደ ታች በ50 ሚ.ሜ ቪቴ እሰሩት። 18ቱን መቀመጫና 16ቱን ቺፑድ አልፎ 16 ሚ.ሜ ማዕዘን እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ጭንቅላቱ ከኮምፔንሳቶው በታች እስኪሰጥም ይጥበቅ።

ትራስ ከመሥራታችሁ በፊት ፈትኑት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ወደ 20 ኪሎ ነው፤ ስምንቱን በሁለት ረድፍ ደርድራችሁ አሳድሩት፤ 160 ኪሎ ይሆናል። ጠዋት በመቀመጫው ሥር፣ ከቋሚ ወደ ቋሚ ክር ወጥሩ። ክሩና ጣውላው መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ እዚያ ጋ አንድ ቋሚ ይጨመር።

ስፖንጅ ሲገዛ እጅ ያታልላል፤ አዲስ ስፖንጅ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። በሚዛን ግዙት። 122 በ41 በ8 ሴ.ሜ የሆነ ስፖንጅ 0.04 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 30 ኪሎ የሚመዝነው ዓይነት ከሆነ ቁራጩ 1.2 ኪሎ ይመጣል። ሚዛኑ 700 ግራም አካባቢ ካሳየ የጀርባ መደገፊያ እንጂ የመቀመጫ ስፖንጅ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣውላው ይሰማችኋል። የመጅሊስ ፍራሽ የሚሠሩ ሱቆች ጥያቄውን ያውቁታል፣ ሚዛን ላይ ለማውጣትም አያስቸግሩም። አምስት ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ከታች፣ ሦስት ለስላሳ ከላይ አድርጎ ዳርዳሩን በማስቲሽ ማያያዝ የበለጠ ይመቻል። ስትቆርጡ ረጅም ስለታም ቢላዋ ሳትጫኑ ወዲያ ወዲህ አስኪዱ፤ ተጭኖ የተቆረጠ ስፖንጅ ሲለቀቅ ጎኑ ያዘነብላል።

የሽፋኑ ልክ ከስፖንጁ ትንሽ ያነሰ ይሁን፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 120 በ40። እንዲህ ሲሆን ይወጠራል እንጂ አይጨማደድም። ባለ 150 ወርድ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። የላይና የታች ሁለት ቁራጭ 123 በ43፣ የፊት ጎን 123 በ11፣ የግራና የቀኝ ጎን 43 በ11፣ ከኋላ ዚፕ የሚገባባቸው ሁለት ቁራጮች 123 በ7። ለስፌት በየጎኑ 1.5 ሴ.ሜ ተይዟል። ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ታጥቦ የሚሰበሰብ ሽፋን ሁለተኛ ስፖንጁን አያስገባም። ከሥሩ የአቡጀዲ ልባስ ቢኖር ሽፋኑ ሲታጠብ ስፖንጁ አይራቆትም። የቡና ጆንያ ለሽፋን የሚያምራቸው አሉ፤ መልኩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ገላ ይቧጥጣል፣ ብናኙም አያባራም። ከሥር ባሉት ክፍሎች ውስጥ ለሚገቡ ቅርጫቶች መሸፈኛ ቢሆን ይሻላል።

ልጆች ባሉበት ቤት ከኋላ ከግድግዳው ጋር በሁለት ቦታ ይታሰር። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴ የሚይዝ ላስቲክ) ይይዛል። ጭቃ ቤት ውስጥ ፊሸር ግርፉን ይዞ ይወጣል፤ ግድግዳውን በጣት አንኳኩታችሁ ድምፁ የሚጠጥርበትን ቋሚ እንጨት ፈልጉና ረጅም ቪቴ እዚያ ምቱ። ግድግዳው ኖራ ከሆነ ከኋላ መከዳ አቁሙ፣ አለበለዚያ የተደገፈ ሰው ጀርባው ነጭ ሆኖ ይነሣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪቴዎቹን ሁሉ አንድ ዙር አጥብቁ፤ እንጨቱ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላሉ። ሲጢጢ የሚል ድምፅ ከመጣ ሁለት ጣውላ እየተፋተጉ ነው፤ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ማሸት ነው። ክረምት ላይ እርጥብ ጫማ ከሥር በቀጥታ አይግባ፣ ሳፋ ይደረግለት። ትራሱም በየሳምንቱ ይገልበጥ፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ሽፋኑ ውጭ ይሰጣ፣ ስፖንጁ ግን ጥላ ውስጥ፤ ፀሐይ ያገኘው ስፖንጅ ቢጫ ይሆንና ይፈረፈራል።