ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፑ መጥቶ ማውሱ እምቢ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ላለ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ስጭን፣ ዳታ ለመቆጠብ መጀመሪያ ጽሑፍ ብቻ ያለውን ሲስተም አስገባሁ። ቀጥሎ የኤክስኦርግን (ስክሪኑን፣ ማውሱንና ኪቦርዱን ለዴስክቶፑ የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ዋና ክፍል፣ ኤክስኤፍሲኢን (ዴስክቶፑን) እና ላይትዲኤምን (የመግቢያውን ገጽ የሚያመጣውን) ብቻ መርጬ ጨመርኩ። የመግቢያው ገጽ መጣ፤ ከርሰሩ (የማውሱ ቀስት) ግን መሐል ላይ ተገትሮ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ዳታ ማባከን ነው። መለየት ያለበት ማውሱን ያላየው ማን እንደሆነ ነው፦ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው ወይስ ኤክስኦርግ?

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 ተጭኜ ወደ ጽሑፍ ተርሚናል ልወጣ ስል ኪቦርዱም አልሰማ አለ። ይሄ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ሁለቱ በአንዴ ይበላሻሉ ማለት ይከብዳል። አልትንና ፕሪንት ስክሪንን ይዤ አርን ስጫን ከርነሉ ኪቦርዱን ከኤክስኦርግ እጅ አስለቀቀልኝና ኤፍ2 ሠራ።

ተርሚናሉ ላይ ዴቭ ውስጥ፣ ኢንፑት ሥር ያለውን «ማይስ» የተባለ ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) እና በካት (የፋይልን ይዘት በሚያሳየው ትእዛዝ) ከፈትኩ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ የተዘበራረቀ ፊደል ተንጋጋ (በኮንትሮል ሲ ይቆማል)። ስለዚህ ማውሱም፣ ገመዱም፣ ከርነሉም ደህና ናቸው። ምንም ባይወጣ ኖሮ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) ነበር የማነበው። እዚያ -71 ወይም -110 የሚል የዩኤስቢ ስህተት ከታየ ገመዱን፣ ሃብን ወይም ፖርቱን መጠርጠር ነው፤ ያገለገለ ማሽን ላይ ከፊት ያሉትን ትቶ ከኋላ መሰካት ይሻላል። ክብ አረንጓዴ የፒኤስ2 ሶኬት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነው የሚሰካው፤ እየሠራ ቢሰኩት ላያውቀው ይችላል።

ቫር ሎግ ውስጥ ያለውን የኤክስኦርግ ሎግ ከፍቼ ስለ ማውሱ የሚናገሩትን መስመሮች ፈለግሁ። የኢንፑት ድራይቨር ስላልተገለጸ መሣሪያውን ትቼዋለሁ ይላል። ዋናውን ክፍል ብቻ ሲጭኑ የማውስና የኪቦርድ ድራይቨሩ አብሮ አይመጣም። ይህን ድራይቨር የያዘውን የኤክስኦርግ የሊብኢንፑት ፓኬጅ በአፕት (በዴቢያን የመጫኛ ትእዛዝ) አስገባሁት፤ ከጥቂት ሜጋ ባይት አያልፍም። ላይትዲኤምን በሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን በሚያስነሳውና በሚያቆመው ትእዛዝ) ሪስታርት ሳደርገው ከርሰሩ ተንቀሳቀሰ።

ድራይቨሩ ተጭኖም እምቢ ካለ፣ ኢቲሲ ኤክስ11 ውስጥ ከድሮ መመሪያ የተገለበጠ የኤክስኦርግ ኮንፍ (የቅንብር) ፋይል እንዳለ እዩ። መሣሪያን በራስ መለየት የሚያጠፋ መስመር ሊኖርበት ይችላል። ዛሬ ለተራ ማውስ ይህ ፋይል አያስፈልግም፤ ሳትሰርዙት ስሙን ቀይራችሁ ሪስታርት አድርጉ።