ሚሲዮናውያኑ ሄዱ፣ ሥዕሏ ቀረች

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ የጌታ ሥዕል ተሰቅሏል። ጸጉሩ ወርቃማ ነው፤ ዓይኑ ሰማያዊ። መርካቶ የተገዛ ፖስተር ነው። መስታወቱ አንድ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ከፍሬሙ ጀርባ ደግሞ ከሆሳዕና የቀረ የደረቀ ዘንባባ ተሰክቷል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ጀምሮ እዚያው ነው። የማትሪክ ፈተና ጠዋት እሱ ፊት ቆሜያለሁ። አባቴ የታመመ ጊዜ እማዬ ሌሊት ተነስታ እሱ ፊት ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።

ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ መጣና "ይሄ እኮ የፈረንጅ ሥዕል ነው፣ ለምን አታወርዱትም?" አለ። እማዬ አልመለሰችለትም። ቡናዋን መቁላቷን ቀጠለች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ምክንያቱም ልጁ ያለው ነገር ውስጥ እውነት አለ፣ ግን ምክንያቱን የሳተው መሰለኝ። "ከውጭ የመጣ ነው" ካልን እኮ በጣም የምንወዳትን ሥዕልም ልናወርድ ነው።

ምስለ ፍቁር ወልዳን ማለቴ ነው። እመቤታችን ከተወደደ ልጇ ጋር። ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ በእጇ የያዘችው መሐረብ፣ ግራ እጇ ላይ የተቀመጠው ሕፃን፣ እሱም መጽሐፍ ይዞ ሲባርክ። ከዚህ በላይ የኛ የሆነ ነገር የለም ብዬ ነበር የማምነው። መሠረቷ ግን ሮም ነው። ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባለው ባዚሊካ ውስጥ ያለች ጥንታዊ ሥዕል ናት። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ቅጂዋን በየሄዱበት አገር ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ወደ እኛም አገር የገባችው በ1600ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ በእነሱ በኩል ነው። ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑ ለልጁ ለፋሲል ተላለፈና ተዋሕዶ ተመለሰች። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። ሥዕሏ ግን ቀረች! ያን ያህል ሰው ካለቀበት ጠብ በኋላ "የጠላት ናት" ብሎ የጣላት የለም፤ እንዲያውም በጎንደር ዘመን እንደ እሷ ተደጋግማ የተሣለች ሥዕል ማግኘት ይከብዳል።

ግን እንደመጣች አልቀረችም። የጎንደር ሠዓሊዎች ፊቷን ክብ አደረጉት፣ ዓይኗን አሰፉት። የልብሷ እጥፋት በነሱ እጅ መስመር በመስመር ሆነ። ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙላት። ከእግሯ ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሣለውን ሰው፣ ንጉሥም ይሁን እመቤት፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይሥሉታል፤ ከጎኑም "ዘከመ ተማኅፀነ" ብለው ይጽፋሉ። እገሌ እንደተማፀነ ማለት ነው። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ የለም። የተማፃኙ ስም ግን አለ።

የግራ እጁን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ አገራችን መጥቶ ኖሯል። እመቤታችንን ልጇን በግራ እጇ ታቅፋ ሣላት ተብሎ ሕዝቡ ክፉኛ እንደተቆጣ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። እውነት ነው፣ ግራ እጅ እኛ ዘንድ የክብር እጅ አይደለም። ዛሬ ግን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ለምን በግራዋ ታቀፈችው ብላችሁ ብትጠይቁት ዳዊትን ይጠቅስላችኋል፦ "ንግሥቲቱ በቀኝህ ትቆማለች።" እሱ በግራዋ ሲሆን እሷ በቀኙ ትሆናለች። ሊቃውንቱ ያስቆጣውን ነገር ይዘው፣ መዝሙር አምጥተው፣ ትርጓሜ ሠርተውለት ሥርዓት አደረጉት። ይህን ያወቅኩ ቀን ለረጅም ሰዓት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ስለዚህ የመርካቶው ፖስተር ችግሩ ከውጭ መምጣቱ አይመስለኝም። በማንም እጅ ሳያልፍ መምጣቱ ነው። ማንም አልጾመበትም፣ ማንም "ይሄ ዓይን እንዲህ ቢሆን ትርጉሙ ምንድነው?" ብሎ አልተከራከረበትም።

ዓይን ካልኩ አይቀር፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ ክንፍና ፊት ብቻ፤ ሁሉም ቁልቁል ያያሉ። የትም ብትቆሙ ያገኟችኋል። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ በሁለት ዓይኑ። ይሁዳን፣ ሰቃዮቹን፣ ሰይጣንን ግን በጎን ነው የሚሥሏቸው፣ ባንድ ዓይን። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ገበሬም ግድግዳው ፊት ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ለእኔ ኪነ ጥበብና ሃይማኖት የሚነካኩት እዚህ ጋ ነው። ቅዱሱ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ አንተም በሁለት ዓይንህ ፊቱ ትቆማለህ።

የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ አባት ብራና ላይ የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን ተምሮ መጥቶ፣ በዘመናዊ አሣሣል ስቅለቱን "ጎልጎታ" ብሎ ሲሥል ብዙ ሰው ግራ ተጋብቷል። እኔ ግን የዚያ ሥዕል ቀይ ቀለም ከአባቱ ብራና በጣም የራቀ አይመስለኝም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ያደግኩበት ደብር ውስጥ፣ ቅድስት በሚባለው ክፍል፣ አንድ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ነበር። ከጉልበቱ በታች ቀለሙ አልቋል። ዝናብ አይደለም፣ ምስጥም አይደለም፤ ሰው ሲሳለመው፣ በግንባሩና በከንፈሩ ሲነካው ነው ያለቀው። የአያቴም ግንባር እዚያ ውስጥ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ስሄድ የሚያብረቀርቅ ባነር ተሰቅሎበት አገኘሁ። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ፣ ብርሃኑ የበዛ፣ ፊቱ የፊልም ተዋናይ የሚመስል መልአክ። ባነሩን ለመስቀል ሚስማሮቹ የተመቱት በአሮጌው ሥዕል ላይ ነው። ያደረጉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ገንዘብ አዋጥተው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን እናሳምር ብለው ነው። አንዷን እናት ስጠይቃቸው "አሮጌው እኮ ደብዝዞ ነበር ልጄ" አሉኝ። ደብዝዞ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የሚጠግነው ሰው ይጠራል እንጂ ሚስማር ይመታበታል እንዴ? እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ፖስተሩን አላወረድኩትም። እማዬ ሃያ ምናምን ዓመት ያለቀሰችበትን ነገር እኔ ማውረድ አልችልም። ግን ዘንድሮ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንድ ወጣት ሠዓሊ አግኝቼ ትንሽ ምስለ ፍቁር ወልዳ አሣልኩ። ስለ መጠንና ስለ ዋጋ ስናወራ ድንገት "የሚጸልዩበት ማን ናቸው?" አለኝ። ለእናቴ ነው አልኩት። "የክርስትና ስማቸውን ላክልኝ፣ ፎቶም ካለ" አለኝ።

ለልደታ ወሰድኩላት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የእመቤታችንን ፊት አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ከእመቤታችን እግር ሥር ነጠላ የለበሰች ትንሽዬ ሴት በግንባሯ ተደፍታለች፣ የነጠላዋ ጥለት እማዬ ለቁልቢ የምትለብሰው ዓይነት አረንጓዴ ነው። ከጎኗ የክርስትና ስሟ በቀይ ተጽፏል። ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ "ምስማርና መዶሻ አምጣ" አለችኝ፣ ከፖስተሩ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በእጇ እየለካች።