እኔ ጋ ይሰራል

ትናንት ማታ ድሬ ውስጥ ንፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ፍራሽ ግቢ አውጥቼ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሰርቨር ስነካካ አመሸሁ። የማግዘው አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የሚያይበት ሲስተም ነው፣ ከፊት ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያሳልፈው ኤንጂንኤክስ አለ፣ ከኋላው በፓይተን የተጻፈው አፕ ጉኒኮርን በሚባል ፕሮግራም ይሮጣል።

ነገሩ የጀመረው አመሻሽ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ አፕ እምቢ አለኝ እኮ» ስትለኝ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሳይቱን ከፈትኩት፣ ግንኙነቱ የተጠበቀ ነው የምትለዋ የቁልፏ ምልክት አለች፣ ገጹ ቁልጭ ብሎ መጣ። «እኔ ጋ ይሰራል፣ ኔትወርክሽ ይሆናል» አልኳት፣ ሄደች። ይቺ ቃል እስካሁን ትቆረቁረኛለች፣ ምክንያቱም ልጅቷ ትክክል ነበረች።

ከሄደች በኋላ ግን ልቤ አላርፍ ብሎ ከርል በሚባለው፣ ሳይት በትዕዛዝ በሚጠራው መሳሪያ ስሞክረው እሱም ሰርተፍኬቱን (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፋይል) ማረጋገጥ አልቻልኩም አለ። ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ሰርተፍኬቱን ከሰጪው ድርጅት ከሌትስ ኢንክሪፕት ሲያመጣ ፎልደሩ ውስጥ ብዙ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፣ እኔ የኤንጂንኤክስ ኮንፊግ (ማስተካከያ ፋይል) ላይ የጻፍኩት «ሰርት» የሚለውን ነው፣ መሆን የነበረበት «ፉልቼይን» ነው። የመጀመሪያው የኛን ሰርተፍኬት ብቻ ነው የያዘው፣ ስልኩ አስቀድሞ ከሚያውቀው ዋና ሰርተፍኬት (ሩት) ጋር የሚያገናኘው መካከለኛው ሰርተፍኬት የለበትም። የኔ ብሮውዘር ያንን መካከለኛውን ከሌላ ሳይት አግኝቶ አስቀምጦት ስለነበር ክፍተቱን በራሱ ሞላው፣ እኔም የሰርቨሩ ጤንነት መሰለኝ። የልጅቷ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን ሰርቨሩ የላከለትን ብቻ ነው የሚያየው። ፋይሉን ቀይሬ፣ ኮንፊጉን ቴስት አድርጌ ሪሎድ አልኩት (ሪስታርት አልወድም፣ ሪሎድ ሳያቋርጥ ኮንፊጉን እንደገና ያነባል፣ ስህተት ካለ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል)።

በዛው ሌላ ጣጣ ወጣ፣ ሎጊን ሲባል ገጹ ማለቂያ የሌለው ሪዳይሬክት፣ መልሶ መላልሶ ወደዛው ይልካል። ኤንጂንኤክስ ኤችቲቲፒኤሱን (የተመሰጠረውን ግንኙነት) እዛው ፈቶ ወደ ኋላ ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ ስለሚልከው የኋላው የፓይተን አፕ ሁልጊዜ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ» ይላል። «ሰውየው የመጣው በኤችቲቲፒኤስ ነው» ብሎ የሚነግረውን፣ ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ የሚባለውን ሄደር ጨምሬ፣ አፑም እንዲያምነው አድርጌ ተገላገልኩ።

ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ውጤት ሲለቀቅ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ገባ፣ 502 እና 504 የሚባሉት የስህተት ኮዶች እየተፈራረቁ። ኤንጂንኤክስ ባንዴ የሚይዘውን ግንኙነት፣ ወርከር ኮኔክሽን የሚባለውን፣ ከ768 ወደ 4096 አሳደግኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ቁጭ ብዬ ሎጉን ሳነብ ነው የገባኝ፣ የሚታፈነው ከኋላ ነው። ጉኒኮርን ካልነገሩት ጥያቄ የሚሰራ አንድ ወርከር (ሰራተኛ) ብቻ ነው የሚያስነሳው፣ እሱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ጠዋት ፈጢራ ቤት እንዳለው ሰልፍ ነው፣ ትዕዛዝ የሚቀበሉትን አስር ብታደርጋቸው ምጣዱ አንድ ከሆነ ማን ይበላል? ሰልፍ ላይ ያለው 60 ሰከንድ ካለፈው ኤንጂንኤክስ 504 ይለዋል፣ ወርከሩ ራሱ 30 ሰከንድ ከተያዘ ጉኒኮርን ይገድለውና 502 ይመጣል። ማሽኑ ባለሁለት ኮር ስለሆነ በተለመደው ስሌት የኮሩ ሁለት እጥፍ ሲደመር አንድ፣ ወርከሩን አምስት አደረግኩ። ከሱ በላይ የረዳው ግን ለእያንዳንዱ ትምህርት ለየብቻ ዳታቤዙን ይጠይቅ የነበረውን ኮድ በአንድ ኩዌሪ ማድረጌ ነው፣ ወርከር ብቻ ብትጨምር ችግሩን ወደ ዳታቤዙ ነው የምትገፋው።

ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ሰው ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። «ይቅርታ፣ ኔትወርክሽ አልነበረም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እስቲ አሁን ክፈቺው» አልኳት። ተከፈተ። «ነግሬህ ነበር እኮ ጋሼ» አለችኝና ውጤቱን ለእናቷ ልታሳይ ሮጠች። ሰርተፍኬቱ የሚቆየው 90 ቀን ነው፣ ሰርትቦት ቢያድሰውም ኤንጂንኤክስ ሪሎድ እስኪባል አሮጌውን ነው የሚያቀርበው፣ ሪሎድ የምትለዋን ትዕዛዝ እድሳቱ ላይ አስሬያታለሁ። ሲታደስ ግን መጀመሪያ የማየው ላፕቶፔ ላይ አይደለም፣ የልጅቷን ስልክ እለምናለሁ።